የከዚራው ቀረጻ ቤትና የሬቮክስ ኤ77 ጥገና፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ያለውን የአሮጌውን ቀረጻ ቤት ቁልፍ ተረከብኩ። ክፍሉ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ በእግር አሥር ደቂቃ በማይሞላ ርቀት፣ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ባለው ቤት ጓሮ ይገኛል፤ ርዝመቱ 5 ሜትር ከ20፣ ስፋቱ 3 ሜትር ከ80 ነው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የእንቁላል ካርቶን በአቧራ ጠቁሯል፤ ድምፅ እንዳይገባ በሩ ላይ የተቸነከረው ብርድ ልብስ ግን አሁንም በቦታው አለ። ባለቤቱ ካረፉ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ቁልፉን የሰጡኝ ልጃቸው ናቸው፤ የጠየቁኝም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቴፕ ክሮቹ ላይ ያለው ድምፅ ሳይጠፋ ወደ ኮምፒውተር እንዲገለበጥላቸው።

የተረከብኩት ዕቃ፦ አንድ ሬቮክስ ኤ77 ባለ ሁለት ትራክ የቴፕ መቅረጫና ማጫወቻ ማሽን፣ ስሙ የተላቀቀ ባለ ስድስት መስመር ሚክሰር፣ ሁለት ማይክሮፎን (አንዱ ውስጡ ባዶ ነው)፣ አንድ አምፕሊፋየርና 43 ሪል (ጥቅል) ክር። የሪሎቹ ካርቶኖች ላይ ያለው ጽሑፍ ግማሹ በእኛ ፊደል፣ ግማሹ በዐረብኛና በፈረንሳይኛ ነው። ዘፈኖቹ የአማርኛ፣ የኦሮምኛ፣ የሶማሊኛና የሐረሪ መሆናቸውን ልጃቸው ነግረውኛል።

ሥራውን የሰማ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «ዓሊ ቢራ አለበት?» ብሎ ነው። ድሬዳዋ የዓሊ ቢራም የኦሮምኛ ሙዚቃ ቡድኑ የአፍረን ቀሎም መነሻ ስለሆነች ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በካርቶኖቹ ላይ ስሙን አላገኘሁም። አብዛኛው የሠርግ ዘፋኞችና የሰፈር ባንዶች ቀረጻ ይመስላል። ለእኔ ይህ የሥራውን ዋጋ ከፍ ያደርገዋል፤ የታዋቂ ዘፋኝ ድምፅ ሌላ ቦታም ሊገኝ ይችላል፣ የእነዚህ ሰዎች ግን ከዚህ ክፍል ውጭ የለም።

ጥቅምት 14

ኤሌክትሪክ ከመስጠቴ በፊት አንድ ሳምንት ሙሉ አጸዳሁ። ኤ77 እ.ኤ.አ. በ1967 ለገበያ የወጣ የስዊዘርላንድ ማሽን ሲሆን፣ ሦስት ሞተርና ሦስት ሄድ አለው፤ አንዱ ሄድ ያጠፋል፣ አንዱ ይቀዳል፣ አንዱ ያጫውታል። ይህ የሄዶቹ መለያየት በኋላ ትልቅ ነገር እንደሚሆን ያን ጊዜ አላሰብኩም ነበር። ኮምፕሬሰር ብጠቀም አቧራውን ወደ ሞተሮቹ ኩሽኔት ይነዳዋል ብዬ ስለሰጋሁ በቀለም ብሩሽና በትንሽ መጥረጊያ ማሽን ብቻ ሠራሁ። በዋናው ሞተር ሥር አራት የእንሽላሊት እንቁላል ልጣጭ ተጣብቆ አገኘሁ፤ አንዱ በሽቦ መካከል ስለነበር በፒንሳ አልወጣ ብሎኝ በእርጥብ ጥጥ አለስልሼ አነሳሁት። ለሄዶቹና ክሩ ለሚያልፍባቸው ቦታዎች 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ገዛሁ፤ ዋጋው 1,300 ብር ነበር። ከፋርማሲ የሚሸጠው ባለ 70 በመቶው አልኮል ውኃ ስላለበት ለዚህ ሥራ አልመረጥኩትም።

ጥቅምት 20

ለረጅም ጊዜ ያልተከፈተ ዕቃ በቀጥታ ስፒና ላይ አይሰካም። ከመስመሩ ጋር በተከታታይ 100 ዋት አምፖል ይገባል፤ ውስጥ ሾርት ካለ አምፖሉ ይበራል፣ ዕቃው ግን ይተርፋል። የሚያስፈልገው ክር ያለው የድሮ አምፖል ነው፤ እዚሁ ከተማ ታይዋን በሚባለው ገበያ ውስጥ የጠየቅኋቸው ሱቆች በሙሉ ያላቸው ኤልኢዲ ብቻ ነበር። በመጨረሻ አሸዋ ሰፈር አንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ዘንድ በ80 ብር አገኘሁ።

ማብሪያውን ስጫን አምፖሉ ለቅጽበት በኃይል በራና ወዲያው ወርዶ ቀይ ክር ብቻ ሆኖ ቀረ፤ ልክ መሆን እንዳለበት። ለድምፅ ክፍሉ የሚሄደው መስመር 21 ቮልት መሆን ሲገባው በቴስተር 19.6 አነበብኩ፤ አምፖሉ መሐል ስላለ ይህ የሚጠበቅ ነው።

ጥቅምት 21

ትልቁን ስሕተት የሠራሁት ዛሬ ነው። የትናንቱ ውጤት አስደስቶኝ አምፖሉን አውጥቼ በቀጥታ ሰካሁት። ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ሞተሮቹ በሰላም ዞሩ፤ ከዚያ አንድ ጊዜ «ጧ» የሚል ድምፅ ተሰማና ክፍሉን ነጭና የሚከረፋ ጭስ ሞላው። የፈነዳው ለሞተሩ ብልጭታ ማፈኛ የገባ የወረቀት ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለአጭር ጊዜ የሚያከማች ትንሽ ዕቃ) ነው። እንዲህ ያሉ ካፓሲተሮች ሲያረጁ የላስቲክ ልባሳቸው ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ እርጥበት ይገባል፣ ሙሉ ቮልቴጅ ሲያገኙ ደግሞ ይቃጠላሉ። ስንጥቁ በዓይን የሚታይ ነበር፤ ሳጸዳ አይቼው የቆየ ጭረት ነው ብዬ አልፌዋለሁ። በተጨማሪም ሌሊት ላይ የግድግዳው ቮልቴጅ 241 ይደርስ እንደነበር ያወቅሁት ከአደጋው በኋላ ስለካ ነው። በማግስቱ በ7,500 ብር ስታቢላይዘር ገዛሁ፤ መጀመሪያ መግዛት የነበረብኝ እሱን ነበር።

ኅዳር 29

ለአንድ ወር ከአምስት ቀን ያህል ዕቃ ጠብቄአለሁ። እዚህ ያገኘኋቸው ካፓሲተሮች በመጠን ልክ ቢሆኑም ለዋና መስመር የተፈቀዱ መሆናቸውን የሚያሳይ ምልክት ስላልነበራቸው አልደፈርኩም፤ አንድ ጊዜ የተቃጠለ ሰው ሁለተኛ አይሞክርም። ከጀርመን በሚመጣ ወዳጅ በኩል ሙሉ የካፓሲተርና የትሪመር (በካቻቢቴ እየዞረ መጠን የሚያስተካክል ትንሽ ዕቃ) ስብስብ አስመጣሁ፤ ከነማድረሻው 19,400 ብር ወጣበት። በሦስት ምሽት 34 ካፓሲተርና 12 ትሪመር ቀየርኩ። እያንዳንዱን ካርድ ከመንቀሌ በፊት በስልክ ፎቶ አነሳሁ፣ አንዱን አውጥቼ አንዱን ከመተካት በቀር ሁለት ቦታ ባዶ ሆኖ እንዲያድር አላደረግሁም። እንዲያም ሆኖ በግራው መስመር አንዱን ፖዘቲቩን ወደ ኔጌቲቭ ገልብጬ በይጄው ነበር፤ ከመክፈቴ በፊት ከፎቶው ጋር ሳስተያይ ስለደረስኩበት ጉዳት አላመጣም።

ታኅሣሥ 17

ማሽኑ አሁን በንጹሕ ይጫወታል፣ ነገር ግን ድምፁ ይወዛወዛል። ምክንያቱ ክሩን ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚጫነው ጎማ መድረቁ ነው። በድሪል ላይ አስሬ በብርጭቆ ወረቀት ላለስልሰው ሞከርኩ፤ አንዱን ጎን ከሌላው የበለጠ ስለበላው ውዝዋዜው ባሰ። ወደ ቶርኖ ቤት ወሰድኩትና ባለሙያው በትንሽ በትንሹ እየላገ ዙሪያውን እኩል አደረገልኝ፤ 600 ብር ከፈልኩ። የዘንጉ ኩሽኔት ላይ ሁለት ጠብታ ቀጭን ዘይት ጨመርኩ። ከሁለት በላይ ቢሆን ወደ ክሩ ስለሚወጣ በመርፌ ነው ያንጠባጠብኩት።

ጥር 5

የማስተካከያው ቴፕ ደረሰ። ይህ በታወቀ ድግግሞሽና መጠን የተቀዳ ክር ሲሆን ማሽኑን ወደ ፋብሪካው ልክ ለመመለስ ያገለግላል። አጭሩ እንኳ 9,800 ብር ነው። አዚሙዝ የሚባለውን፣ ማለትም የሄዱ ስንጥቅ ለክሩ ጉዞ ልክ ቀጥ ብሎ መቆሙን፣ በማጫወቻው ሄድ ላይ አስተካከልኩ። ስንጥቁ ጥቂት እንኳ ቢያዘነብል ቀጭን ድምፆች ይሞታሉ። ብሎኑ ከነበረበት ቦታ ሩብ ዙር ያህል መዞር ነበረበት፤ «ይህን ያህል ተበላሽቶ እንዴት ይሠሩበት ነበር?» ብዬ ገረመኝ። የመቅጃውንም ሄድ ላስተካክል ካቻቢቴ ካነሳሁ በኋላ መብራት ጠፋ። ለሁለት ቀን ስላልመጣ ተውኩት።

ጥር 11

የቤቱን ክር ለመጀመሪያ ጊዜ ሰቀልኩ። ከዚያ በፊት፣ በስሕተት የመቅጃ ቁልፍ ተነክቶ ድምፁ እንዳይጠፋ፣ ለመቅጃውና ለማጥፊያው ሄድ ኃይል የሚያመነጨውን የኦሲሌተር ካርድ ከቦታው ነቀልኩ፤ ካርዱ ከሌለ ማጥፊያው ሄድ አቅም የለውም። ይህን ልማድ እስከ መጨረሻው ጠብቄአለሁ።

የሰማሁት ግን ተስፋ የሚያስቆርጥ ነበር። ዘፋኙ ከብርድ ልብስ ሥር ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል፤ «ሰ» እና «ሸ» አይለዩም፣ ጭብጨባው የትራስ ምት ነው። ክሩ በሙቀት ተበላሽቷል ብዬ ደመደምኩና ሁለተኛና ሦስተኛ ሪል ሞከርኩ፤ ሁሉም ያው ነው። ከዚያ ጥፋቱን በማጫወቻው ካርድ ላይ ጣልኩት፤ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ትራንዚስተር በትራንዚስተር ለካሁ፣ ሁለቱን ቀየርኩ፣ ምንም አልተለወጠም። የማስተካከያውን ቴፕ ስሰቅል እንደ መስታወት የጠራ ድምፅ ይወጣል፣ የቤቱን ስሰቅል ግን ይደፈናል። ምክንያቱ ከዚህ ልዩነት ብቻ ሊገባኝ በተገባ ነበር።

ጥር 22

በባለቤቱ ልጅ ምክር በዚያ ቤት ቀረጻውን ይሠሩ የነበሩትን ሽማግሌ ገንደ ቆሬ ሄጄ አገኘኋቸው። ስለ ካፓሲተሩ፣ ስለ ጎማውና ስለ ትራንዚስተሮቹ የነገርኳቸውን በትዕግሥት ከሰሙ በኋላ የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ነው።

«ሄዱን ነክተኸዋል?»

«አዎ ጋሼ፣ በማስተካከያው ቴፕ ልክ አድርጌዋለሁ።»

«አቦ፣ ለማን ልክ? ያ ማሽን አንድ ጊዜ ለሠርግ ቀረጻ ስንወስደው ከጋሪ ላይ ወድቋል። መቅጃው ሄድ ያኔ ነው የተንጋደደው። የሚያቀናልን ሰው ስላጣን ማጫወቻውን በጆሯችን ከመቅጃው ጋር አገጣጠምነው። ከዚያ በኋላ የቀዳነው ሁሉ እንደዚያው ነው።»

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ሁለቱ ሄዶች እኩል ስላዘነበሉ በዚያ ማሽን የተቀዳ በዚያው ማሽን ሲሰማ ጥርት ያለ ነበር። እኔ ማጫወቻውን ወደ መጽሐፉ ልክ ስመልሰው ክሮቹን የሚከፍተውን ቁልፍ ነው ያጠፋሁት። ብሎኑን ሳዞር የነበረበትን ቦታ በቀለም አላመለከትኩም፤ ከዚያ ወዲህ ምልክት ሳላደርግ የፈታሁት አንድም ብሎን የለም።

«መቅጃውንስ?» አሉኝ ቀጥለው።

መብራት ስለጠፋ አለመንካቴን ስነግራቸው ፈገግ አሉ። «እንግዲያው የቤቱ ልክ እዚያው አለ፤ አዲስ ክር ላይ ቅዳበትና እሱን ተከተል።»

ጥር 24

እንዳሉት አደረግሁ። የኦሲሌተሩን ካርድ መለስኩ፣ ምንም ያልተቀዳበት አዲስ ክር ሰቀልኩ፣ ከኮምፒውተር የሚወጣ የ1 እና የ10 ኪሎኸርዝ የፉጨት ድምፅ ዝቅ ባለ መጠን በመቅጃው ሄድ ቀዳሁ። ከዚያ ያንኑ ክር እያጫወትኩ የማጫወቻውን ብሎን በጥቂት በጥቂቱ አዞርኩ። የጀመርኩት በ1 ኪሎኸርዙ ነው፤ ወደ 10 የወጣሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ በቀጥታ በከፍተኛው ከተጀመረ ሐሰተኛ ጫፍ ላይ መቆም ይቻላልና። ግራና ቀኝን አንድ ላይ ደምሬ ሳይ መጠኑ ከ14 ዴሲቤል ዝቅታ ተነሥቶ እስከ 2 ወጣ፤ ትንሽ ባልፈው ተመልሶ ይወድቃል። ጫፉ ላይ ስደርስ ካቻቢቴውን ለቅቄ እጄን አራቅሁ፤ የእጄ ክብደት እንኳ ንባቡን ይለውጠው ነበር።

ካርዱን ነቅዬ ሦስተኛውን ሪል ሰቀልኩ። አኮርዲዮን፣ ከበሮ፣ የሴቶች ጭብጨባ፤ መዳፍ ከመዳፍ ሲገናኝ ይለያል። ዘፋኙ ሁለተኛውን አዝማች ሲጀምር ከሩቅ የባቡር ጡሩምባ ይሰማል። አኮርዲዮኑ ይቆማል፣ አንድ ሰው ከማይክሮፎኑ ራቅ ብሎ «ይለፍ» ይላል፤ ክሩ ግን አልቆመም። አርባ ሰከንድ ያህል ሰው ሲተነፍስ፣ ወንበር ሲንቋቋ፣ ባቡሩም እየቀረበ ሄዶ ሲርቅ ይሰማል፤ ከዚያ ያው ድምፅ «በል» ይላልና ከአዝማቹ መጀመሪያ ይነሣሉ። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ሲደርስ ነው ከተማዋ የተቆረቆረችው። ያንን ክፍል ሳልቆርጥ እንዳለ ገልብጬዋለሁ።

የካቲት 20

በዚያ ማሽን የተቀዱት 26 ሪሎች ናቸው። ሁሉንም በሰከንድ 19 ሳንቲሜትር ፍጥነት እያጫወትኩ በ96 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት፣ ምንም ማጣሪያ ሳልጨምር ገለበጥኩ። የድምፅ ካርዱን በውሰት ነው ያገኘሁት። ፍጥነቱ ልክ መሆኑን ያረጋገጥኩት በክሩ ላይ ከነበረው፣ ከመብራት መስመር ወደ ቀረጻው ከገባው ጉምጉምታ ነው፤ በኮምፒውተሩ ላይ መስመሩ 50 ኸርዝ ላይ ከተቀመጠ ሲቀዳና ሲጫወት ፍጥነቱ አንድ ነው ማለት ነው። ሥራውን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ አደርገዋለሁ፣ ቀን ቀን የክፍሉ ሙቀት ለሰውም ለክርም አይመችም።

በሪል 11 አንድ ጥፋት አደረስኩ። ይህ ሪል 17 ቦታ ተቀጥሏል፤ የመቀጠያው ፕላስተር ሙጫ ደርቆ ስለነበር በዝግታ ማየት ሲገባኝ በፈጣኑ መለስኩት። ስምንተኛው ላይ ተላቀቀ፣ ጫፉ በሪሉ እየተገረፈ ተጨማደደ። በቀስታ አቃናሁት፣ ነገር ግን ሁለት ሰከንድ ያህል ላይ ድምፁ ይሰበራል፤ የማሲንቆ መግቢያ ነበር። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ሪል መጀመሪያ በእጅ እየጠመዘዝኩ አየሁ፣ የላላውን ቀጥያ ሁሉ በ45 ዲግሪ መቁረጫው ላይ አስተኝቼ በአዲስ ፕላስተር ተካሁ። ፕላስተሩ 2,200 ብር ፈጅቷል። ገልብጬ የጨረስኩትን ክር ወደ ኋላ አልመልሰውም፤ በተጫወተበት ፍጥነት እኩል ተጠቅልሎ መጨረሻው ወደ ውጭ ሆኖ መቀመጡ ይሻለዋል።

መጋቢት 18

አራት ሪሎች ጀርባቸው ጥቁር ነው። አንዱን ሰቅዬ አሥር ሰከንድ ሳይሞላ መንጫጨት ጀመረና አቆምኩት፤ ሄዱ ላይ ቡናማ ቅባት ተጋግሮ ነበር። ይህ ክሩን የሚያያይዘው ሙጫ እርጥበት ስቦ ሲበሰብስ የሚመጣ የታወቀ ችግር ነው፤ መፍትሔውም በዝቅተኛ ሙቀት ለሰዓታት ማድረቅ ነው። የምግብ ኦቨን ሙቀቱ ስለማይታመን አሮጌ የጫጩት መፈልፈያ ሣጥን ወስጄ ዲጂታል ቴርሞስታትና ፋን ገጠምኩለት፤ 1,150 ብር። ባዶውን አንድ ቀን ስፈትነው ያለ ፋን በላይና በታች መካከል የ6 ዲግሪ ልዩነት ነበረው፤ በፋን ወደ 1 ወረደ። በ54 ዲግሪ ለስምንት ሰዓት አድርቄ፣ በዚያው ልክ አቀዝቅዤ፣ በማግስቱ አራቱንም ሳይንጫጩ ገለበጥኩ። ጥቅሙ ለሳምንታት ብቻ ስለሚቆይ መዘግየት አልፈለግሁም።

ሰባቱ ደግሞ አሲቴት ከሚባል የድሮ ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው። ወደ መብራት ሲያዙ ጥቅሉ ብርሃን ያሳልፋል፣ ከመካከላቸው ሁለቱ ኮምጣጤ ይሸታሉ። እነዚህን ፈጽሞ ማሞቅ አይገባም። ሦስቱ ደቻቱ ወንዝ አጠገብ በዘመድ ቤት ሳሉ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ ረጥበው ካርቶናቸው ላይ የጭቃ መስመር ቀርቷል። ጭቃውን ከሪሉ ጠርዝ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ አነሳሁ። አምስቱን በዝቅተኛ ውጥረት አጫውቼ ገለበጥኩ፤ ከቤቱ ማሽን የቀደሙ ስለሆኑ አዚሙዙን ለእያንዳንዱ በጆሮ መፈለግ ነበረብኝ፣ ብሎኑ ከምልክቱ ምን ያህል እንደዞረም በደብተር ጽፌአለሁ። ኮምጣጤ የሚሸቱት ሁለቱ ስለተጣመሙ ከሌሎቹ ለይቼ አስቀምጫቸዋለሁ፤ በዚህ ማሽን አልሰቅላቸውም።

ሚያዝያ 9

የቀሩት ስድስት ሪሎች ባለ አራት ትራክ ናቸው። በባለ ሁለት ትራክ ሄድ ላይ ሲጫወቱ የአንዱ ፊት ዘፈን ወደ ፊት፣ የሌላው ፊት ወደ ኋላ እየሄደ አብረው ይሰማሉ፤ በኮምፒውተር ለመለየት መሞከር ትርጉም የለውም። ሐረር ጀጎል ውስጥ ባለ አራት ትራክ ማሽን ያለው ቤተሰብ አለ፤ ማሽኑ ከቤት አይወጣም፣ እኔ ግን ክሮቹን ይዤ እንድሄድ ፈቅደውልኛል። ከፋሲካ በኋላ እሄዳለሁ።

እስካሁን የወጣው 42,030 ብር ነው። የማጫወቻውን ብሎን ወደ ፋብሪካው ልክ ልመልሰው አስቤ ነበር፤ ከልጃቸውና ከሽማግሌው ጋር ከተማከርኩ በኋላ ግን መቅጃውንም ማጫወቻውንም የቤቱ ቦታ ላይ ተውኳቸው። ሁለቱንም ብሎኖች በቀይ የጥፍር ቀለም አተምኩ፣ ክዳኑ ውስጥም ምክንያቱን በወረቀት ጽፌ ለጠፍኩ።